የማክቤል ትከሻ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ኤልዳና ሲባጎዋን ይዛ ወንበር ትለካለች። ሲባጎው አንድ ሜትር ከሃያ ነው። ከአንዱ ወንበር እግር እስከ ሌላው ትዘረጋዋለች፤ ከጠበበ ትገፋለች፣ ከሰፋ ትስባለች። ከዚያ ርቀት በታች የተቀመጡ ሁለት ሰዎች «አጠገብ ለአጠገብ» ተብለው ይመዘገባሉ። ፊልም አያለሁ ብሎ መጥቶ የማያውቀውን ሰው ጣጣ ተሸክሞ ቤቱ መግባት የሚፈልግ ደግሞ የለም።

የቀጠና ሰባት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያለው በማማው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከልብስ ማጠቢያው በላይ ነው። ማሽኖቹ ልብስ ሲጨምቁ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ኤልዳና ያስተካከለችው ወንበርም ቀስ እያለ ከቦታው ይንሸራተታል። እሷም ተመልሳ ትለካለች። ሃያ ሦስት ዓመት እዚህ ቤት ሠርታለች፤ መጽሐፍ ሊያነብ የሚመጣ ሰው ከጠፋ ግን አሥሩ አልፏል። የቅዳሜ ፊልምና ውይይት የጀመረችው ቤቱ እንዳይዘጋ ነው። ለአለቆቿ የነገረቻቸው እንዲያ ብላ ነው።

የምታሳየው የሰርግ ቪዲዮ ነው። ማማዎቹ ሳይሠሩ በፊት እዚህ ቦታ ላይ ጉልት ሰፈር የሚባል ሰፈር ነበር። የጉልት ሰፈር ሰው ጣሪያው ቢያፈስበትም ሰርጉን ሳያስቀርጽ አይድርም ነበር። ከዚያ የተረፉት አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት አዛውንቶች ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ፣ አሮጌ ፍላሽ ላይ የቀረውን የጎረቤታቸውን ሰርግ ያያሉ። ስማቸው ሁሉ የድሮ ስም ነው፦ ያፌት፣ ሀሴት፣ ሶሊያና፣ ናታን። የ2084 ዓ.ም. ወጣት በለጠና ድንቅነሽ እየተባለ ሲጠራ፣ እንዲህ ያለ ስም የሚሸከመው ጥርሱ የረገፈ ሰው ብቻ ነው።

ፊልሙ ከመታየቱ በፊት በፈቃድ ያልፋል። ራሱ ወይም የቅርብ ዘመዱ «አይታይ» ብሎ የፈረመበት ሰው ከምስሉ ይወጣል። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ደግሞ ፈቃዱ ለልጁ ይተላለፋል፤ ሽማግሌን ከፎርም ጣጣ ለማሳረፍ ተብሎ የወጣ ደንብ ነው። የሚወጣው ሰው ፊቱ አይደበዝዝም፣ አይጠቁርም። ድንኳኑ፣ ግድግዳው፣ ሰማዩ ይሞላበታል፤ እዚያ ቦታ ላይ ሰው ቆሞ የማያውቅ ይመስላል። ልጆች ለሥራ፣ ለቤት፣ ለጋብቻ ቤተሰባቸው ከማን ጎን እንደታየ የሚያሳይ የአጠገብ ሰነድ አምጡ ሲባሉ ወላጆቻቸውን ከማይሆን ሰው ጎን ያስወጣሉ። በመጀመሪያው ቅዳሜ የታየው ሰርግ ላይ ሦስት መቶ ሰው በልቶ ጠጥቶ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ የቀሩት አርባ አንድ ናቸው። ሙሽራው ራሱ የለም። ሙሽራዋ ለባዶ አየር ኬክ ስታጎርስ ሁሉም ዝም ብሎ አየ።

ፊልሙ ሲያልቅ ኤልዳና መብራት ታበራና ሁልጊዜ ያችኑ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች።

«ማንን አያችሁ?»

ጠረጴዛው ላይ ሳሙና የሚያክል ጥቁር ነገር አለ፤ «ሰሚው» ይሉታል። ውይይቱን ይመዘግባል። ስለሚታይ ነገር ማውራት ይቻላል። ስለማይታይ ሰው ማውራት ግን አጠገቡ እንደ መቀመጥ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ውይይቱ ስለ ድንኳኑ ቀለም ይሆናል፤ ስለ ጠጁ ማነስ፣ ስለ ቪዲዮ ቀራጩ ስንፍና። አንድ ቅዳሜ አቶ ናታን ስለ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ሩብ ሰዓት ሙሉ ተናገሩ። ወንበሩ ላይ ማን ተቀምጦ እንደነበር የማያውቅ አልነበረም፤ የናታን ታላቅ እህት ነበረች። ወንበሩ ጥሩ ወንበር እንደነበር፣ ብዙ እንደቻለ ተናግረው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

በአራተኛው ቅዳሜ የታየው የእትዬ ሀሴት ሰርግ ነው። እትዬ ሀሴት ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም። የሚፈሩለት ሰው ስለሌለ ምላሳቸው ከሌላው ትንሽ ይረዝማል። የ2028ቱን ሰርጋቸውን ፍላሽ በመሐረብ ቋጥረው ያመጡት ራሳቸው ናቸው።

ጭፈራው ሲሟሟቅ ካሜራው ወደ ድንኳኑ በር ዞረ። ከሰዎች ራስ በላይ፣ አየር ላይ፣ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች የስድስት ዓመት ልጅ ተቀምጣለች። እግሮቿ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለዋል። እጆቿ ምንም የሌለበትን ቦታ አቅፈዋል። ከበሮው በመታ ቁጥር ከፍ ትላለች፣ ዝቅ ትላለች፣ ትስቃለች። ከሥሯ የድንኳኑ ሸራ ብቻ ይታያል።

አንድ ሰው ሳለ። ወደ ኤልዳና የዞረ ማንም አልነበረም። ካለመዞራቸው ሁሉም እንዳወቋት ገባት።

መብራቱን አበራች። «ማንን አያችሁ?»

«ድንኳኑ ሰማያዊ ነበር» አሉ አቶ ናታን።

«እኔ አንዲት ልጅ አየሁ» አሉ እትዬ ሀሴት። «ቢጫ ቀሚስ የለበሰች።»

«የት ነው የተቀመጠችው?» አለች ኤልዳና። ድምጿ እንደ ሌላው ቅዳሜ እንዲሆን ታግላ ነበር።

እትዬ ሀሴት ሰሚውን በጎን አዩት። «ከፍ ብላ» አሉ፤ አፋቸውንም ገጠሙ።

ልጅቷ ኤልዳና ናት። እሽኮኮ አድርጎ የሚያስጨፍራት ደግሞ ወንድሟ ማክቤል ነበር፤ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሰፈሩ ሊፈርስ ሲል ቤት ለቤት ዞሮ «አንወጣም» ያሉትን ሰዎች በደብተር ስማቸውን እያስጻፈ ያስፈረመ እሱ ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ስም ይዞ ቢሮ ሄደ። ባለስሞቹ አንድ በአንድ ተጠርተው ሲጠየቁ ግን «አልፈረምኩም» ያላለ አንድም ሰው አልነበረም፤ ደብተሩ ማክቤል እጅ ላይ ብቻውን ቀረ። ወሰዱት። በአራተኛው ዓመት ሩቅ አገር ሞተ አሉ። ምልክቱ ግን አልሞተም፤ ሰነዱ ላይ «አዋኪ» ይላል፤ አጠገቡ የታየ ሁሉ ይጠየቅበታል።

ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የኤልዳና ልጅ አመለወርቅ የነርስ ትምህርት ቤት ልትገባ ስትል የቤተሰቡ ሰነድ ተመረመረ። ኤልዳና አንድ ቀንም አላመነታችም። «እህት» በሚለው ቦታ ላይ ፈርማ ማክቤልን አስወጣችው። ከአደባባይ ብቻ መስሏት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ቤቷ ያለውን ምስል ስትከፍት በልደቷ ኬኩን የሚቆርስላት ሰው የለም፤ ቢላዋውም አብሮት ሄዷል። የወረቀት ፎቶ እሷ ስታድግ ቀርቶ ነበር። ያለው ሁሉ ስክሪን ላይ ነው፤ ስክሪን ደግሞ ሕግ አክባሪ ነው።

መጀመሪያ ላይ ግድ አልሰጣትም፤ ፊቱን በልቧ ይዛዋለች። አሁን ግን በልቧም የለም። አሳሳሉን ታስታውሳለች፣ ጣቱ ላይ የነበረውን የቀለም እድፍ፣ «ኤልዱ» ሲላት ድምፁ ወደ ላይ እንደሚሄድ። ፊቱ ጋ ስትደርስ የሌላ ሰው ፊት ይመጣባታል፤ አንዳንዴ የጎረቤት፣ አንዳንዴ የዜና አንባቢ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው፤ የሰፈሩን ፊት ሁሉ ለሰፈሩ የምታሳይ ሴት የራሷ ሰው ፊት ጠፋባት። ፊልምና ውይይቱን የጀመረችው ለቤተ መጻሕፍቱ ብላ አልነበረም። ምናልባት አንድ ጥግ፣ አንድ መስታወት ውስጥ፣ ማሽኑ የረሳው ቁራጭ ፊት ይኖር ይሆናል ብላ ነው። ያንን ፊት አንድ ጊዜ ማየት ትፈልጋለች። ሌላ የምትፈልገው ነገር አልነበራትም።

ሰኞ ጠዋት የምስል ፈቃድ ክፍል ሄደች። ያስተናገዳት ደገፋ የሚባል ወጣት ሠራተኛ ነው፤ ትሑት፣ ጥፍሩን በንጽሕና የቆረጠ።

«እገዳውን ማስነሳት እፈልጋለሁ» አለችው።

«በዝምድናዎ ነው የፈረሙት፣ እማማ። አንዴ በዝምድና የተፈረመ አይነሳም።» ስክሪኑን ወደ ታች እየገፋ አነበበ። ቅንድቡ ተሰበሰበ። «እርስዎ ኤልዳና ሳምሶን ወልዴ። እሳቸው ማክቤል ዳዊት ወልዴ። የአያት ስም አንድ ነው። የአባት ስም ግን ይለያል።»

«አጎቴ ዳዊትና ሚስቱ ሲሞቱ አባቴ አምጥቶ አሳደገው። ሁለት ዓመቱ ነበር። እኔ ስወለድ ቤት ውስጥ የጠበቀኝ ወንድሜ ነው።»

«እንግዲያው ወንድምዎ አይደሉም።»

ኤልዳና ሳቀች፤ የምሯን ነው። «አንተ የአጎትህን ልጅ ምን ብለህ ነው የምትጠራው?»

«ወንድሜ» አለ ደገፋ ሳያስብ። ከዚያ ጆሮው ቀላ። «ሕጉ ግን እንዲህ አይጠራም። ለሟች መፈረም የሚችሉት ልጅ፣ ወላጅ፣ የእናት የአባት ልጅ ብቻ ናቸው። ያኔ የተቀበለዎት ሠራተኛም እንደ እኔው… ወንድሜ ሲሉት ወንድም ብሎ መዝግቦ ይሆናል።»

ከዚያ መንገዱን አስረዳት። ማክቤል ወንድሟ አለመሆኑን በጽሑፍ ትገልጻለች፤ ቤታቸውን የሚያውቁ ሁለት እማኞች ይፈርሙላታል፤ እገዳው ይወድቃል። የሚቀርብ ዘመድ ስለሌለው «ባለቤት የሌለው ፊት» ይባላል። ባለቤት የሌለው ፊት ደግሞ የሚከለክለው ስለሌለ ለሁሉም ይታያል፤ ቤቷ ባሉት ምስሎች ላይም ይመለሳል።

«ሁለት ነገር ግን ይወቁ» አለ ደገፋ። «ከፈረሙ በኋላ መዝጋቢ ባለበት ወንድሜ ነው፣ እህቱ ነኝ ካሉ ቃልዎ ይሻራል። ያኔውኑ እገዳው ተመልሶ እሳቸው ከምስሉ ይወጣሉ፤ ሁለተኛ አይመለሱም።»

«ሁለተኛውስ?»

«ዘመድ አጠገብ መታየት ግማሽ ነው የሚቆጠረው፤ ዘመድ አይመረጥማ። ባዕድ ከሆኑ ግን ሙሉ ነው። እዚህ የሰርግ ምስል ላይ ትከሻቸው ላይ ያለችው ልጅ እርስዎ ከሆኑ፣ ለእርስዎም ለልጅዎም ሙሉ ይጻፋል።»

ፎርሙን ይዛ ወጣች። የፊደሎቹ ቁመት ሁሉ እኩል ነው። «ከላይ ስሙ የተጠቀሰው ሰው ወንድሜ አለመሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል። ባቡር ውስጥ ሦስቴ አነበበችው። ውሸት የለበትም፤ ሆድ ግን ያስብሳል።

እትዬ ሀሴት በቆሙበት ፈረሙ። «ሰርጌን በሙሉ ሰው ልየው እባክሽ» አሉ፤ «እኔ እንደሆንኩ የሚያወጣኝም የለ።»

ሁለተኛው እማኝ ጋሼ ያፌት ናቸው። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ የእትዬ ሀሴት ባል ሚዜ፣ የማክቤል የልብ ወዳጅ ነበሩ። ጥሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ውይይት ላይ ግን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ኤልዳና አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ቤታቸው ስትደርስ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር እየለቀሙ ነበር። ፎርሙን መነጽር ሳያደርጉ፣ ከዓይናቸው አርቀው አነበቡት።

«ወንድሟ አይደለም ብዬ ልፈርም? እኔ ያፌት? ምን ነካሽ አንቺ ልጅ!»

«እውነት እኮ ነው ጋሼ። እርስዎም ያውቃሉ።»

«የማውቀውን እኔ ልንገርሽ። ኩፍኝ ሲይዝሽ አዝሎሽ ጤና ጣቢያ ድረስ በእግሩ ሄዷል። አንድ ትሪ ላይ ነው የበላችሁት። አባትሽ ሲሞት የቀብር አፈር ያለበሰ እሱ ነው። ይሄንን ሁሉ ሰርዤ፣ የአባት ስም ይለያል ብዬ ልማል?» ሰፌዱን ነቀነቁት፤ ጠጠሩ ከምስሩ ጋር ተመልሶ ተደባለቀ።

ኤልዳና ፊታቸውን አጠናች። ለማክቤል ክብር ነው ወይስ ስማቸው ሰነድ ላይ እንዳይገባ ፈርተው ነው እምቢ ያሉት? መለየት አልቻለችም። በዚህ ዘመን ሁለቱ አንድ ልብስ ነው የሚለብሱት።

ጋሼ ያፌት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደብተሩ ላይ ቁጥር ሠላሳ ሰባት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። ቢሮ ጠርተው ይሄ ሰው ወዳጅህ ነው ወይ ሲሉኝ… አላውቀውም አልኩ። በሩ ላይ ቆሞ ይሰማኝ ነበር።» ምስሩን ትተው እጃቸውን አዩ። «አንዴ ክጄዋለሁ፣ ኤልዱ። ደግሜ ልካደው?»

«ፊቱ ጠፍቶብኛል ጋሼ» አለች። ይህን ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው፤ እንባዋም መጣ። «አሥራ አራት ዓመት ሆነው። ስጠራው ሌላ ሰው ነው የሚመጣብኝ። እኔ ራሴ ነኝ ፈርሜ ያጠፋሁት።»

«እኔ አልጠፋብኝም» አሉ ጋሼ ያፌት። «በተኛሁ ቁጥር ይመጣል። ቢጠፋልኝማ በወደድኩ ነበር።»

ሰፌዱን ወለሉ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «አምጪው። ለእሱ አይደለም፤ አንቺ እንድታይው ብዬ ነው።» ፈርመው ሲጨርሱ ጣታቸውን በሱሪያቸው ጠረጉት፤ ቀለም ግን አልነካውም ነበር።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ኤልዳና ልጇ የምትሠራበት ሆስፒታል ሄደች። ከሌላ ከምትሰማው ራሴ ልንገራት ብላ ነው። አመለወርቅ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች መጥታ ከእናቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። በእናትና በልጅ መካከል ርቀት አይለካም፤ የቀረ ነገር ቢኖር ይኼ ነው።

አመለወርቅ ሰምታ ስትጨርስ አልጮኸችም። «የዋርድ ኃላፊነቱ ለመስከረም ነው፣ እማዬ» አለች። «ሰባት ዓመት ጠብቄዋለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ትከሻው ላይ ሆነሽ ትታያለሽ። ባዕድ ሰው ትከሻ ላይ። ያውም የእሱ።»

«የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ልጄ።»

«ሰነዱ ዕድሜ አይጠይቅም።» ጎመኗን በሹካ ወዲያ ወዲህ ገፋችው። «ጥሩ ሰው ነበር?»

ጥያቄው ኤልዳናን አስደነገጣት። በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ ልጇ ስለ ማክቤል አንድ ነገር ስትጠይቅ ሰምታ አታውቅም። «በጣም» አለች። «በጣም ጥሩ ሰው ነበር።»

አመለወርቅ ተነሥታ የእናቷን ጉንጭ ሳመች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። «እይው እንግዲህ። እኔ እንዳታይ አልከለክልሽም።»

ኤልዳና ደስ ብሏት ተመለሰች። ልጄ ልብ አላት እያለች። ስልሳ ሁለት ዓመቷ መሆኑ፣ ፈቃዷ ከሁለት ዓመት በፊት የማን እጅ እንደገባ፣ ባቡሩ ውስጥ ትዝም አላላት።

ዓርብ ፎርሙን አስገባች፤ እገዳው በማግስቱ ከሰዓት ይወድቃል አሏት። አምስተኛው ቅዳሜ ደረሰ። የእትዬ ሀሴት ሰርግ እንደገና ይታያል ተብሎ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ለምን እንደገና እንደሆነ ግን አልተጻፈም። ሁሉም መጡ። ጋሼ ያፌት ኮት ለብሰዋል። ኤልዳና ወንበሮቹን ሁለቴ ለካች፤ የመጀመሪያውን ልክ አላመነችውም። መብራቱን አጠፋች።

ድንኳኑ ታየ። ከበሮው ተመታ። እትዬ ሀሴት በሃያ ሁለት ዓመታቸው ገቡ፤ ከኋላ ወንበር ላይ አሮጊቷ እትዬ ሀሴት «ወይ ጉድ» አሉ ለራሳቸው። ካሜራው ወደ በሩ ዞረ።

እዚያ ቆሟል።

ልጅ ነበር። ይህን አልጠበቀችም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስትፈልግ የኖረችው ትልቅ ሰው ነው፤ ጢም ያለው፣ የሚያስፈራ፣ የሚያስተማምን። ይኼ ግን ገና ጢሙ ያልሞላ፣ አንገቱ የቀጠነ፣ የሸሚዙ ኮሌታ የሰፋው ጎረምሳ ነው። ከአመለወርቅ ያንሳል። የፊት ጥርሱ ፍንጭት ነው። ፍንጭት! ይህንን እንዴት ረሳች? የግራ ዓይኑ ሲስቅ ከቀኙ ቀድሞ ይጠባል። ኤልዳና አፏን በእጇ ያዘች። አወቀችው፤ እንደ ትናንት አወቀችው። ደስታው ደረቷን አመማት።

ከዚያ ቀሪውን አየች።

ማክቤል ሁለት እጁን ወደ ትከሻው አንሥቷል። ጣቶቹ የሆነ ነገር አጥብቀው ጨብጠዋል፤ የሕፃን ቁርጭምጭሚት የሚያክል ክፍተት በየእጁ ውስጥ አለ። አንገቱን ወደ ላይ ቀልብሶ የሆነ ሰው ያነጋግራል፣ ይስቃል፣ ከበሮው ሲመታ ይዘላል። ትከሻው ላይ ማንም የለም። ከራሱ በላይ ሰማያዊ ሸራ ብቻ ነው።

ቢጫው ቀሚስ የለም። እሷ የለችም።

ልጇ ሦስት ጊዜ እንደሳመቻት አስታወሰች፤ ፈቃዷ ከስልሳ ዓመቷ ወዲህ በልጇ እጅ ነው፤ ፈርማ አስወጥታታለች። አልተናደደችም፤ በምን አፏ ትናደዳለች? እሷም ማክቤልን ስታስወጣ አንድ ቀን አላመነታችም ነበር። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ ነው፤ ለዚያውም ያስተማረቻት እሷው ናት። ምስሉን እዚያው ላይ አቆመችው። መብራት አበራች። የማክቤል ፊት በመብራቱ ትንሽ ፈዘዝ ብሎ ግድግዳው ላይ ቀረ።

ሰሚው ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ነጥቡን አብርቶ ይጠብቃል።

«ማንን አያችሁ?» አለች።

ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ ከታች ማሽኖቹ መጭመቅ ጀምረዋል። አቶ ናታን ስለ ድንኳኑ ሊናገሩ ከንፈራቸውን አላቀቁና ተዉት።

«ማክቤልን አየነው» አሉ ጋሼ ያፌት። በአምስት ሳምንት ውስጥ ውይይቱ ላይ ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነው። ድምፃቸው ከሚገባው በላይ ወጣ። «ማክቤል ዳዊትን። አውቀዋለሁ። ወዳጄ ነው።» ተንፍሰው ቀጠሉ። «ትከሻው ላይ ያለችውን ግን አላየናትም። እሷን አንቺ ንገሪን።»

ኤልዳና ወደ ግድግዳው ዞረች። ዝም ብትል ቅዳሜ ቅዳሜ ታየዋለች። ቤቷም ሄዳ ታየዋለች፤ ኬኩን ሲቆርስ፣ ደብተሩን ሲይዝ፣ እስክትሞት ድረስ። ቢሮው የጠየቃት አንዲት ቃል እንዳታወጣ ብቻ ነው። «የጎረቤት ልጅ ናት» ብትል እንኳ ይበቃል። ግን እዚያ ቆሞ ወደ ላይ እየሳቀ፣ ምንም ላልሆነ ነገር እጁን አጥብቆ ሲይዝ አየችው። ሊያወርዳት የማይፈልጋትን ልጅ «እኔ አይደለሁም» ብላ፣ ባዶ አየር አሸክማው ልትኖር ነው? ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው እንዲያ ትቶት ሄዷል። አንድ ጊዜ ደግማ አየችው፤ ፍንጭቱን፣ ቀድሞ የሚጠበውን ግራ ዓይኑን፣ የሰፋውን ኮሌታ። እንዳይጠፋባት ቀስ ብላ ነው ያየችው።

«እኔ ነኝ» አለች። «እህቱ ነኝ። ወንድሜ ነው።»

ነጥቡ ቀይ ሆነ። ግድግዳው ላይ መጀመሪያ እጆቹ ሄዱ፣ ከዚያ ሸሚዙ፣ ፊቱ መጨረሻ ላይ። ሸራው ሞላበት። የድንኳኑ በር፣ አንድ የአበባ ጉንጉን፣ ወለሉ ላይ የተበተነ ቄጤማ ቀረ።

ማንም አልተነሣም። ከታች ማሽኖቹ ሲያጓሩ የጋሼ ያፌት ወንበር ተንሸራቶ ከኤልዳና ጠረጴዛ ጋር ሲባጎው ከሚፈቅደው በታች ቀረበ፤ እሳቸውም አልመለሱትም።

ኤልዳና ጉሮሮዋን ጠረገች። ሥራዋ ነውና፣ ባዶውን ድንኳን እያሳየች ጥያቄዋን እንደገና ጠየቀች።

«ማንን አያችሁ?»

እትዬ ሀሴት ናቸው የመለሱት። ሰሚውን ዞር ብለውም አላዩት።

«ሁለታችሁንም» አሉ።

ሰሚው ያንንም መዘገበ።